ዋሽንግተን በእንጦጦ በኩል

በ1976 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ፣ በፈረንጆቹ ጁን 1984 መባቻ፣ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ የትም ሳያርፍ ቦሌ ገባ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚያመጣው አውሮፕላን ነበር። ከ13 ሰዓት በላይ አየር ላይ ቆየ፤ የበረረውም ርቀት 12,082 ኪሎ ሜትር ተብሎ ተመዘገበ። ባለሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን እስከዚያን ቀን ድረስ ሳያርፍ ያን ያህል ርቆ ሄዶ አያውቅም ነበርና የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ጊዜውን ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይደንቃል። የደርግ መንግሥትና አሜሪካ ዓይንና ናጫ ነበሩ፤ አገሪቱም ወደዚያ ክፉ ረሃብ እያመራች ነበር። አየር መንገዱ ግን በዚያ ሁሉ መካከል ሥራውን ይሠራ ነበር።

ቁጥሩን ካየሁ ጀምሮ አንድ ነገር ይከነክነኛል። 12,082 ከየት እስከ የት የተለካ ነው? ሉል ያለው ሰው ራሱ ሊሞክረው ይችላል። የክሩን አንድ ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ያድርግና ጥብቅ አድርጎ ይወጥረው። የተወጠረ ክር አጭሩን መንገድ ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ከዚያ የክሩን ርዝመት ከሉሉ ወገብ ዙሪያ ጋር ያመዛዝነው፤ የምድር ወገብ ዙሪያ 40,075 ኪሎ ሜትር መሆኑ የታወቀ ነው። በክር የሚገኘው መልስ ከ11,500 ብዙ አይርቅም። በስሌት ሲሄዱበት ደግሞ ይጠራል። ቦሌ የሚገኘው በሰሜን 9 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኬክሮስና በምሥራቅ 38.8 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በሰሜን 38.9፣ በምዕራብ 77.5 ዲግሪ ላይ ይገኛል። ሁለተኛ ደረጃ የተማርነውን ሳይንና ኮሳይን ይዞ የተቀመጠ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው አጭሩ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ይደርስበታል።

ስለዚህ በክብረ ወሰኑና በክሩ መካከል 520 ኪሎ ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በመኪና እንደመሄድ ነው። ትንሽ አይደለም።

የልዩነቱ ምሥጢር ሁለቱ ቁጥሮች የተለያየ ነገር መለካታቸው ነው። ክሩ የሚለካው በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የምድር ቆዳ ነው፤ ነገ ጦርነት ቢነሳ፣ ነፋስ ቢነፍስ አይለወጥም። ሌላው አውሮፕላኑ በዚያን ቀን በእርግጥ የሄደበት ነው። አብራሪ ክር ላይ አይበርም። በአየር መንገዶች መገናኛ ነጥቦች ላይ እየተቀባበለ፣ ከየአገሩ ፈቃድ እየጠየቀ፣ ማዕበል ሲያይ እየዞረ፣ ጥሩ ነፋስ ሲያገኝ እየተከተለ ይሄዳል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ሱዳን ውስጥ በተነሳው ጦርነት የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ሲዘጋ፣ ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ሁሉ መዞር ግድ ሆነበት። ካይሮም ሮምም ካሉበት አልተነቃነቁም፤ በረራው ግን ረዘመ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላዝግምና፣ ቦሌ 38.8 ዲግሪ ላይ ነው ብለን በእርግጠኝነት ለመናገር የበቃነው በዋዛ አይደለም ልበል። ኬክሮስን ከፀሐይና ከኮከብ ከፍታ ማግኘት ይቻላል። ኬንትሮስ ግን አስቸጋሪ ነው፤ እዚህና ሌላ ቦታ በአንድ ቅጽበት ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ይጠይቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አንትዋን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ኢትዮጵያ ውስጥ አሥር ዓመት ገደማ ሲቆይ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ይህ ነበር። ገመድና ሰንሰለት እየጎተቱ ሸለቆና ገደል መለካት የማይታሰብ ስለነበር፣ ከአንድ ተራራ አናት ላይ ሆኖ የሌሎቹን ተራሮች አቅጣጫ በማዕዘን መለኪያ እያነበበ፣ ወደ ቀጣዩ ተራራ ወጥቶ ደግሞ ወደ ኋላ እያየ፣ አገሩን በሦስት ማዕዘን ሰፋው። ውጤቱን «የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ» ብሎ ፓሪስ ላይ አሳትሟል። ተራራችን ሁሉ ርቀት መለኪያ ምሰሶ ሆኖ አገልግሏል ማለት ነው።

አሁን ወደ ክሩ እንመለስ። ርዝመቱን ከያዝን በኋላ የቀረው አቅጣጫው ነው፤ እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝም ይህ ነው። አዲስ አበባን ከሚከቡት ከተሞች በአንዱ የሚኖር ሰው፣ ሰበታም ይሁን ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ «አሜሪካ በየት በኩል ነው?» ቢባል እጁን የሚዘረጋው ወደ ምዕራብ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የትምህርት ቤት ካርታም ያንኑ ይላል። በዚያ ካርታ ላይ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ቢሰመር፣ መስመሩ ከምዕራብ ጥቂት ብቻ ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ ይነሳል። ቡራዩን በሰሜን ትቶ ወደ መናገሻ ተራራ፣ ከዚያም ወደ ሆለታ አቅጣጫ ይሄዳል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንዳስተከለው የሚነገረው የመናገሻ ደን ወዳለበት አካባቢ መሆኑ ነው።

የክሩ መንገድ ሌላ ነው። ክሩ ከቦሌ ሲነሳ በሰሜንና በምዕራብ መካከል፣ እኩል ለእኩል ከፍሎ ይወጣል። እንጦጦን ይሻገራል። ቡራዩን በግራው፣ ሱሉልታን በቀኙ ያደርጋል። ሙገርን አልፎ የዓባይን ሸለቆ ይሻገርና ጎጃም ይገባል፤ ደብረ ማርቆስን በቀኝ ትቶ በቡሬ አካባቢ ያልፋል፤ መተከልን አቋርጦ ሱዳን ይወርዳል። ከዚያ የሊቢያ በረሃ፣ የቱኒዚያ ደቡብ፣ አልጄሪያ። ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ ስፔን በአልሜሪያ በኩል ይገባል፤ በፖርቱጋል በኩል ይወጣል። አትላንቲክ ላይ ሳለም ወደ ሰሜን መውጣቱን አይተውም። ውቅያኖሱ መካከል 45ኛው ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ብቻ ይመለስና በኒው ጀርሲ በኩል ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል።

አዲስ አበባ 9ኛው ዲግሪ ላይ ናት፤ ዋሽንግተን 39ኛው ላይ። አጭሩ መንገድ ግን 45ኛው ጫፍ ድረስ ይወጣል፤ ከሁለቱም በላይ ማለት ነው። ካርታ ላይ ሲታይ የሚዞር ይመስላል፤ የሚዞረው ግን ያኛው ነው። በካርታው ቀጥተኛ መስመር፣ በመናገሻ በኩል፣ አንድ አቅጣጫ ይዞ የሚሄድ ሰው ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር አላግባብ ይጨምራል። ጥፋቱ የምድር ሳይሆን የወረቀቱ ነው። መርካተር በ1569 የሠራው ካርታ ለመርከበኞች ታስቦ ነበር፤ አንድ አቅጣጫ ይዞ የሚቀዝፍ መርከብ መንገዱን በቀጥታ መስመር እንዲያይ ይጠቅመዋል። ለዚህ ጥቅም ሲባል ወደ ዋልታዎቹ ያለው አገር ሁሉ ተለጥጧል። አፍሪካ ከግሪንላንድ 14 ጊዜ ገደማ የምትሰፋ ሆና ሳለ በዚያ ካርታ ላይ የሚመጣጠኑ ይመስላሉ። አዲስ አበባ የተቀመጠው የአፍሪካ ኅብረት በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ይህ ካርታ ቀርቶ የአህጉሩን ትክክለኛ ስፋት የሚያሳይ እንዲተካ የተነሳውን ዘመቻ መደገፉ ተገቢ ነው፤ እኔም በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ስፋትን ያስተካከለ ካርታም ቢሆን የርቀትን ነገር አያስተካክልም። ድቡልቡል ምድር ወረቀት ላይ ስትዘረጋ የሆነ ቦታ መሳሳቧ አይቀርም። የተሻለው መድኃኒት ለየትምህርት ቤቱ አንድ ሉልና አንድ ክር መስጠት ነው፤ ወጪውም ከባድ አይደለም።

ይህን ሁሉ ሳሰላስል ቆይቼ ዋናውን ጥያቄ ያመጣችልኝ ቡራዩ የምትኖር አክስቴ ናት። ልጇ ዋሽንግተን አጠገብ ወልዳ ልታርሳት ሄዳ ነበር። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የገንፎው እህል፣ ሁሉም በሁለት ሻንጣ ገብቶ ሄደ። ከወራት በኋላ ተመልሳ፣ ቡና እያፈላች፣ እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ስሄድ ሌሊት ተነሳንና ደብሊን አረፍን። ሳንወርድ ነዳጅ ሞሉበትና እንደገና ተነሳን። ስመለስ ግን ተኝቼ ነቃሁ፣ ተኝቼ ነቃሁ፣ ቦሌ ደረስኩ። ምነው፣ መንገዱ አጠረ እንዴ?»

«መንገዱስ ያው ነው አክስቴ።»

«ያው ከሆነማ ከዚሁ ሞልቶ አይሄድም ነበር? ቦሌ ነዳጅ ጠፍቶ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ክሩ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተንም ተለካ፣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ፣ ርዝመቱ አንድ ነው። የ1976ቱን ክብረ ወሰን እንደገና ሳስበው ግን አንድ ነገር በዓይኔ ገባ። አውሮፕላኑ የበረረው ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ነው። በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ የመጀመሪያው ድሪምላይነር አገር ቤት ሲገባም በዋሽንግተን በኩል መጥቶ ከዚያ በቀጥታ ነው የተነሳው። የምሥራቹ ሁሉ ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚህ ወዲያ የሚሄደው የመንገደኛ በረራ ግን ዓመት እየጠበቀ ማረፊያው ይለወጣል እንጂ ማረፉን አልተወም፦ አንድ ጊዜ ሮም፣ አንድ ጊዜ ደብሊን፣ አንድ ጊዜ ሎሜ።

ነገሩን የፈታልኝ ሱሉልታ ነው። እዚያ የሚሮጡትን ያየ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራው፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የያያ ቪሌጅ ባለድርሻ የሆነው፣ የውጭ አገር ሯጮችም ትኬት ቆርጠው የሚመጡት ለሱሉልታ አየር ነው። ከፍታው አየሩን ያሳሳዋል፤ ሰውነት በስስ አየር ሲለማመድ ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ ያመርታል፤ ሯጩ ወደ ቆላ ሲወርድ ትርፉን ያገኛል። ለሯጭ በረከት የሆነው ይህ ስስነት ለአውሮፕላን ሸክም ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደለስ 95 ሜትር ገደማ። ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ቦሌ ላይ ግን አንድ ኪሎም አይሞላም። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ ነው አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ላይ የሚፈላው። ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሳው አየርን ወደ ታች እየገፋ ነው። የሚገፋው አየር ከሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፍጥነት መጨመር አለበት። በባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሚነሳ ከባድ አውሮፕላን ቦሌ ላይ ከ310 በላይ መድረስ ይኖርበታል። ክፋቱ ደግሞ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር መሆኑ ነው። ይበልጥ መፍጠን በሚያስፈልግበት ቦታ የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ መንደርደሪያው ይረዝማል። ልደታ የነበረው የድሮ አውሮፕላን ማረፊያ ለጀት አልበቃ ብሎ በ1950ዎቹ ቦሌ የተሠራውም፣ ዛሬ የቦሌ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር የሆነውም ለዚህ ነው። ጎማም የፍጥነት ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ እንዲሽከረከር አይፈቀድም።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ግን ያልተከሰተው ነገር ነው። ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ሊነሳ ሲል አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው አንድ ሞተር መነሳትና በዙሪያው ካሉት ተራሮች በላይ መውጣት መቻል አለበት። ይህ ሕግ ነው፤ የሚሰላውም ለእያንዳንዱ በረራ ነው። ቦሌን በሰሜን ወደ 3,200 ሜትር የሚደርሰው እንጦጦ ከቦታል፣ በምሥራቅ የረር፣ በምዕራብ ወጨጫ። በአንድ ሞተር፣ በስስ አየር፣ በተራራ መካከል ለመውጣት ያለው ዘዴ አንድ ነው፤ ቀለል ብሎ መነሳት።

የሚቀለው ምኑ ነው? መንገደኛው ትኬት ቆርጧል፤ ሻንጣውም አለ። የሚቀነሰው ነዳጁ ነው። አንድ ድሪምላይነር 787-8 ሲሞላ 126,000 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ያ ወደ 100 ቶን ነው። አውሮፕላኑ ከነጭነቱ እንዲነሳ የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት 228 ቶን ገደማ ስለሆነ፣ ለረጅም ጉዞ ሲዘጋጅ ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው አካሉ ነዳጅ ነው ማለት ነው። ከቦሌ ሞልቶ ቢነሳ ክብደቱ አያስነሳውም፤ አጉድሎ ቢነሳ ዋሽንግተን አያደርሰውም። አክስቴ «ከዚሁ ሞልቶ አይሄድም ነበር?» ስትል በትክክል ችግሩ ላይ ነበር የወደቀችው። ቦሌ ነዳጅ አልጠፋም፤ የሳሳው አየሩ ነው።

ለመመለሻው ይህ ሁሉ አያሳስብም። ደለስ ላይ አየሩ ወፍራም ነው፤ ሞልቶ ይነሳል። ከ13 ሰዓት ገደማ በኋላ ቦሌ ሲደርስ አብዛኛውን ነዳጅ ጨርሶ በብዙ ቶን ቀልሏል። ከምዕራብ ሲገባ ደግሞ የሰበታ ሰው ያየዋል። የቦሌ መንደርደሪያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢቀጥል መስመሩ የሚመጣው ሰበታ ላይ ነውና፣ በዚያ በኩል የሚያርፉት የሚገቡት በከተማዋ ሰማይ ነው።

ነፋሱም አለ። ክሩ ወደ 45ኛው ዲግሪ በሚወጣበት በአትላንቲክ ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚሄዱበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ በተለይ በፈረንጆቹ ክረምት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። ከዋሽንግተን ሲመጣ ከኋላ ይገፋል፤ ሲሄድ ግን ከፊት ይመጣል። ከፍታው ነዳጁን ቀንሶበት የተነሳውን አውሮፕላን ነፋሱ ደግሞ ተጨማሪ ይጠይቀዋል። ሁለቱም ችግር የወደቀው በአንዱ አቅጣጫ ላይ ነው። ከፍ ያለ ከተማ ሌላም ቦታ አለና ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የቱርክ አየር መንገድ ከኢስታንቡል ሜክሲኮ ሲቲ በቀጥታ ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን 2,230 ሜትር ላይ ካለው የሜክሲኮ ሲቲ ማረፊያ ቀለል ብሎ ተነስቶ ባሕር ዳር ካንኩን ላይ ይወርድና ከዚያ ውቅያኖሱን ይሻገራል። ቦሌ ከዚያም በ100 ሜትር ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ የቀረው ማረፍ ካልቀረ የት ይሻላል የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ክሩ እንደገና ያስፈልጋል። ጠፍጣፋውን ካርታ ብንጠይቀው ሎሜን ይመርጣል። ቶጎ ከኢትዮጵያ በስተምዕራብ፣ በመንገድ ላይ ያለች ትመስላለች፤ ደብሊን ግን ወደ ሰሜን ርቃ የተሰቀለች ናት። ክሩን ብንጠይቀው መልሱ ይገለበጣል። ከቦሌ ሮም 4,480፣ ከሮም ዋሽንግተን 7,230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲደመር ከአጭሩ መንገድ የሚረዝመው በ150 ኪሎ ሜትር ብቻ። በደብሊን ሲኬድ 6,365 እና 5,465 ገደማ ነው፤ ጭማሪው 270። በሎሜ በኩል ግን 4,150 እና 8,600 ይሆንና ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምራል። አክስቴን በደብሊን ማሳለፍ ማዞር ሳይሆን ከክሩ ሳይርቁ መሄድ ነበር። ርቀቱን ሁለት ቦታ እኩል ለመክፈልም ከደብሊን የሚሻል ከተማ ብዙ የለም።

ታዲያ ለምን ሎሜ? ርቀት ብቻውን አይወስንማ። ሦስቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አይሉም፤ ከሦስቱም ሞልቶ መነሳት ይቻላል። ሎሜ ግን ሌላ ነገር አላት። ኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለድርሻ የሆነበት አስካይ ከፈረንጆቹ 2010 ጀምሮ ከዚያ እየተነሳ የምዕራብ አፍሪካን ከተሞች ያገናኛል። ከአክራ፣ ከአቢጃን፣ ከባማኮ የመጣ መንገደኛ እዚያ ተሰብስቦ አሜሪካ ይሄዳል። ሲያርፉ ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይሞላል። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ጨምሮ ባዶ ወንበር መሙላት ሊያዋጣ ይችላል፤ ለዚህም ነው ማረፊያው እንደ ጊዜው የሚቀያየረው። ይህ የገበያ ጉዳይ ነው፤ ክሩ እዚህ ላይ የሚለው የለውም።

ሱሉልታን ካነሳን ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ሜዳ ላይ የሳተላይት ምድር ጣቢያው ትልልቅ ሳህኖች አሉ። ዘመዶቻችን በብዛት ወደ አሜሪካ መሄድ በጀመሩባቸው ዓመታት አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን የሚያገናኘው የስልክ ድምፅ የሚያልፈው በእነዚህ ነበር። ድምፁ ከሱሉልታ ወደ ሳተላይቱ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ያንኑ ያህል ይወርዳል። እናት «ሃሎ» ስትል ቃሏ ልጇ ጋ የሚደርሰው ከ70,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው፤ ከአውሮፕላኑ መንገድ ስድስት እጥፍ። በዚያ ዘመን ሁለቱ ሰዎች ድንገት እኩል የሚናገሩት፣ ከዚያም እኩል ዝም የሚሉት በዚህ መዘግየት ነበር። ያን ዘመን የደወለ ሁሉ ያውቀዋል።

ለአክስቴ ይህን ሁሉ ስነግራት ሉሉን ይዤ ሄጄ ነበር። ክሩን ራሷ ወጠረችው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በየት እንደሚያልፍ በጣቷ እየተከተለች ጎጃም ላይ ስትደርስ ቆመች፤ «ይሄማ በአገሬ በኩል ነው የሚያልፈው» አለች። ትውልዷ ቡሬ አጠገብ ነው። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አመጣች፦ «እሺ፣ ተራራውን ማውረድ ካልተቻለ፣ ኤርፖርቱን ለምን ቆላ አይሠሩትም?»

ይህንኑ ያሰቡ አሉ። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በቢሾፍቱ በኩል፣ አቡሴራ በተባለው ቦታ፣ አየር መንገዱ አዲስ ታላቅ አውሮፕላን ማረፊያ ለማቋቋም ተነስቷል፤ የዲዛይን ውሉ የተፈረመው በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። ብዙ የሚወራው በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንደሚያስተናግድ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምመለከተው ከፍታውን ነው። ቦታው ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ይላል። አራት መቶ ሜትር ለመኪና ምንም አይደለም፤ ለክንፍ ግን አየሩን በአራት በመቶ ገደማ ያወፍረዋል። ያ በአንድ ትልቅ አውሮፕላን ላይ ሲሰላ ብዙ ቶን ነዳጅ ወይም ጭነት ነው። ዳገቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ቢሾፍቱም ደጋ ናት፤ የአትላንቲክ ነፋስም ከፊት መምጣቱን አይተውም። ይቀላል እንጂ።

በዚያ ላይ ቢሾፍቱ ከቦሌ በስተደቡብ ምሥራቅ ናት። የዋሽንግተን ክር ደግሞ ከቦሌ የሚነሳው ልክ በተቃራኒው፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ስለዚህ ማረፊያው ወደዚያ ሲዛወር ዋሽንግተን በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ትርቃለች፤ ለአውሮፕላኑ ግን ትቀርባለች።